ከነሾተላይዋ

ደም ሲቋጠር ማየት እወዳለሁ። ይህን ስናገር ሰው ይሸሸኛል፤ እናቴማ «ይችን ወሬ ሊያገባሽ በመጣ ሰው ፊት እንዳታወሪያት» ብላ ለምናኛለች። ምን ላድርግ? ነጩ ሸክላ ላይ አንድ ጠብታ ደም፣ ከላዩ አንድ ጠብታ መመርመሪያ አድርጌ በስንጥር ሳማስለው፣ ያ ለስላሳ ቀይ ነገር ድንገት እንደ አይብ ቁርጥርጥ ሲል ልቤ ይዘላል። ደሙ ተናገረ ማለት ነዋ! «ይህን አውቀዋለሁ» አለ ማለት ነው። ሳይቋጠር ለስላሳ እንደሆነ ከቀረም መልስ ነው።

ስሜ የሻሽወርቅ ነው። በ1972 ዓ.ም. ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባለ አንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራ ነበር። አባቴ ከሐረር መጥቶ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተቀጠረ መካኒክ ስለሆነ፣ በምላሴ የተናደደ ሁሉ «የሐረር ልጅ፣ ምን ይደረግ!» ብሎ ያልፈኝ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከዘጌ የመጣች ጀልባ ከግቢያችን ፊት ለፊት ተጠጋች። ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው እየሮጡ ሲገቡ በመስኮት አየሁ። ቃሬዛው ላይ የተኛችው ውዴ የምትባል ወጣት ሴት ናት፤ ከንፈሯ አመድ መስሏል። ከጎኗ የሚሮጠው ባሏ አዘዘ ነው፤ ዘጌ ውስጥ ቡና አለው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁም እንደ ትከሻው። ከኋላ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው የሚከተሉት እናቷ እማማ ወለተ ሥላሴ ናቸው። ልጃቸውን ሊጠይቁ ከደልጊ ሐይቁን ተሻግረው የመጡት በቅርቡ ነበር።

ዶክተር አምሐ ሆዷን ነካ አድርጎ ወዲያው ገባው። ፅንሱ ከማሕፀን ውጭ፣ የማሕፀን ቱቦ ውስጥ ይዞ ቱቦው ፈንድቷል። ውዴ ወደ ውስጥ እየደማች ነው።

«የሻሽ! የደሟን ዓይነት ቶሎ!» ብሎ ጮኸ። «አንድ ጠርሙስ ካገኘሁ እከፍታታለሁ። የሚደማውን ከቋጠርኩት የቀረውን ራሷ ትሞላዋለች። ያለ ደም ከከፈትኳት ግን ጠረጴዛው ላይ ትሞትብኛለች።»

ሸክላዬን አቀረብኩ። አማሰልኩ። አልተቋጠረም፤ በአንዱም መመርመሪያ አልተቋጠረም። ኦ ኔጌቲቭ! ከመቶ ሰው ጥቂቱ ብቻ ያለው ደም። ፍሪጁን ከፈትኩ፤ ኔጌቲቭ የሚባል ነገር የለም። ከተማው ውስጥ የማውቀው አንድ ኔጌቲቭ ሰው ዓምደ ሚካኤል የሚባል አስተማሪ ነበር፤ እሱም ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ገጠር ገብቶ ሽማግሌዎችን ሀ ሁ ያስቆጥራል። ዘመቻውን ረገምኩት፤ በልቤ ነው፣ ጮክ ብሎ መርገም በዚያን ጊዜ ሌላ ጣጣ ነበረው።

ዶክተር አምሐ ወደ ውዴ ጎንበስ አለ።

«ከዚህ በፊት ደም ተሰጥቶሽ ያውቃል?»

«ኧረ የለም።»

«ወልደሽስ ታውቂያለሽ?»

ውዴ እናቷን አየች። እናቷ መሬት መሬት አዩ።

«አልወለድሁም» አለች፤ ድምጿ በጭንቅ እየተሰማ።

«እንግዲያው የባሏን እዪ፤ ኦ ከሆነ ፖዘቲቭም ቢሆን ስጧት» አለ ዶክተር አምሐ ወደ እኔ ዞሮ። «ዛሬ ትትረፍ።»

ይህ ውሳኔ ልክ ነበር፤ ለምን ልክ እንደነበረ ካልተናገርኩ ግን የሚቀጥለው አይገባም። አብዛኛው ሰው ደሙ ላይ አንዲት ምልክት አለችው፤ ፖዘቲቭ ይባላል። ያቺ ምልክት የሌለችው ኔጌቲቭ ነው። የኔጌቲቭ ሰው አካል ምልክቷን እንደ ባዕድ ነው የሚያያት፤ ግን መጀመሪያ ሲያያት ወዲያው አይጣላትም። ልክ እንደ ቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ እንደ አምባቸው ነው። አንድ ባርኔጣ ያደረገ እንግዳ በሰፈራችን ቢያልፍ፣ አምባቸው የመጀመሪያውን ቀን ዝም ብሎ ያየዋል። ያጠናዋል። እንግዳው ተመልሶ ከመጣ ግን ፊሽካ ተነፋ፣ ሰፈሩ ወጣ፣ አለቀለት! ከዚያ ወዲያ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ሁሉ፣ ቄስም ቢሆን፣ ለአምባቸው ያው ጠላት ነው። ውዴ ወልዳ ካላወቀች፣ ደምም ወስዳ ካላወቀች፣ ሰውነቷ ያን ባርኔጣ ከዚህ በፊት አላጠናውም። የባሏ ደም ዛሬን ያሻግራታል።

አዘዘ ደሙ ኦ ፖዘቲቭ ሆኖ ተገኘ። ደስታው ልክ አልነበረውም። «ጓድ ሐኪም፣ ከዚህኛውም ከዚያኛውም ክንዴ ቅዱልኝ! የኔ ደም እሷ ውስጥ ከገባማ ማን ይለየናል!» እያለ እጅጌውን እስከ ብብቱ ሰበሰበው። ጠርሙሱ ሞላ። እንደተለመደው በጨው ውሃ ከውዴ ደም ጋር አዋሕጄ አየሁት፤ አልተቋጠረም፤ ይህ ፈጣን ምርመራ ግን የተደበቀ ጠብን ሁልጊዜ አያሳይም። ድሬሰሩ አበራ ጠርሙሱን አንሥቶ ወደ ውዴ ወሰደው።

እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ልጅ ደሟን ከእናትም ከአባትም ነው የምታገኘው፤ እናትየዋ ኔጌቲቭ የመሆን ዕድላቸው ከሌላው ሰው ይበልጣል። ባርኔጣ የሌለው ደም ካለ ባርኔጣውን ለምን እናስገባለን? መርፌዬን ይዤ በረንዳው ላይ ወደተቀመጡት እማማ ወለተ ሥላሴ ሄድኩ።

«እማማ፣ ከጣትዎ ትንሽ ደም ልይ።»

እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። «የኔ አይሆንም።»

«ምነው? መርፌ ይፈራሉ?»

«አይሆንም አልሁሽ፣ ልጄ።»

ቁጣዬ ከመቼው መጣ! «ልጅዎ እየሞተች እርስዎ ለአንድ ጠብታ ይሳሳሉ?» አልኳቸው። አሁን ሳስበው ምላሴን ነክሼ ዝም ያልኩበት ቀን የለኝም። እማማ ወለተ ሥላሴ በተከፈተው በር አሻግረው አማቻቸውን አዘዘን አዩ፤ ከዚያ ተነሥተው በግቢው በር ወጥተው ወደ ሐይቁ ሄዱ።

ተከተልኳቸው። ከቄጠማው አጠገብ፣ ከታሰረችው ጀልባ ዘንድ ቆመው ደረስኩባቸው። ያለቅሳሉ።

«በአዘዘ ፊት እንዴት ልናገረው?» አሉኝ። «ደሜ ሾተላይ አለበት። ውዴን መጀመሪያ ወለድሁ፣ ዳነችልኝ። ከሷ ወዲያ የወለድሁት ሁሉ ብጫ እየሆነ አለቀብኝ። የደልጊ ሴቶች ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ? ‹የወለተ ሥላሴ ደም ሰው አያውቅም፤ የገዛ ልጁን ይበላል› ነው የሚሉኝ። ታዲያ ይህን ደም ልጄ ላይ ላፍስስባት? በሆዴ ሳለች የማራትን ዛሬ በመርፌ ልግደላት?»

ሾተላይ!

የላቦራቶሪ ትምህርት ቤት ሳለን መምህራችን አንድ ቀን ጠመኔውን አስቀምጦ «ሾተላይ የሚል ቃል ከሰማችሁ ጆሯችሁን አቁሙ» ብሎን ነበር። እናት ኔጌቲቭ፣ ልጅ የአባቱን ፖዘቲቭ ይዞ። በወሊድ ጊዜ የልጁ ደም ወደ እናቲቱ ጠብ ይላል፤ ሰውነቷ ባርኔጣውን ያጠናል። የመጀመሪያው ልጅ ይተርፋል፤ ከሱ ወዲያ የሚመጣውን ግን የእናቲቱ አካል ሆዷ ውስጥ ሳለ ያሳድደዋል። ልጁ ብጫ የሚሆነው ደሙ እየፈረሰ ነው። ሾተላይ የሚሉት ጋኔን ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

እኚህ ሴትዮ ኔጌቲቭ ናቸው! እያለቀሱ እያየኋቸው በደስታ ልጨፍር ምንም አልቀረኝም፤ ሰው አይደለሁም ማለት ነው። አፌን ከፍቼ «እማማ፣ እርስዎ'ኮ…» ብዬ ስጀምር ግን ሌላ ሐሳብ መጥቶ ወገቤን ቆረጠኝ። ውዴ ስትጠየቅ እናቷን አይታለች። እናቷ ደግሞ መሬት አይተዋል።

«እማማ፣ ውዴስ? እሷ ዘንድስ አለ?»

ወደ ሆስፒታሉ በር ዞረው አዩ። «ለባሏ እንዳትነግሪ።»

«አለ ወይ?»

«ደልጊ ሳለች፣ ለፊተኛው ባሏ… የመጀመሪያው በምጥ ታፍኖ ቀረ። ከሱ ወዲያ ሁለቱ ብጫ እየሆኑ ሄዱ። ለዚያ ነው የፈታት። ለአዘዘ በጠባይ አልተስማሙም አልነው።»

«አልወለድሁም አለች'ኮ!»

«ክርስትና ያልተነሣ ልጅ ምኑ ልጅ ነው?» አሉኝ፤ ከልባቸው ተገርመው። «ስም የለው፣ ቤተ ክርስቲያን አይቀበር። እኛ አገር ማን ይቆጥረዋል?»

ውዴ አልዋሸችም! በአገሯ ቆጠራ እውነቷን ነው የተናገረች። ሰውነቷ ግን እንደ አገሯ አይቆጥርም፤ ሦስቱንም ቆጥሯቸዋል። ባርኔጣውን አጥንቶ፣ ፊሽካውን ጎርሶ፣ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ ነው፤ አበራ ደግሞ ባርኔጣ የሞላበት ጠርሙስ ይዞ ሄዷል።

ሮጥኩ። አንዱ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ፤ ዞሬም አላየሁት። የግቢው ዘበኛ «ጓዲት፣ ምን ሆነሽ?» ሲል ዘለልኩት ልበል አለፍኩት፣ አላውቅም። ክፍሉ ስደርስ ጠርሙሱ ተሰቅሏል፤ ጎማው እስከ ጫፉ ቀልቷል፤ መርፌው ውዴ ክንድ ላይ ነው። የአበራ አውራ ጣት መቆንጠጫው ላይ አርፋለች።

«አበራ! እንዳትለቀው!»

አበራ እሳት እንደነካው እጁን ከጎማው ላይ አነሣ። ዶክተር አምሐ ጓንቱን እያጠለቀ ብቅ አለ። አዘዘ ክንዱ ላይ ጥጥ ይዞ አልጋው ግርጌ ቆሟል። እንዴት ልናገር? የእናትየዋ ልመና ጆሮዬ ላይ ነው። ወደ ዶክተር አምሐ ተጠጋሁና፣ በሕይወቴ አድርጌው የማላውቀውን ነገር አደረግኩ፤ ሹክ አልኩት።

«ሾተላይ?!» ብሎ ጮኸ ዶክተር አምሐ፣ ግቢው እስኪሰማ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አዘዘ ዞሮ አየን። እማማ ወለተ ሥላሴ እያለከለኩ በሩ ላይ ደርሰው ነበር፤ ቃሉን ሲሰሙ የበሩን መቃን ያዙ። ዶክተር አምሐ ግን የማንንም ፊት አላየም፤ ዓይኑ እንደ ሕፃን እየበራ መርፌውን በገዛ እጁ ነቀለ፣ ጠርሙሱን አወረደ። «የናትየዋስ? እሷም ሾተላይ ነበረባት? የሻሽ! እንግዲያው እናትየዋ'ኮ…»

«ኔጌቲቭ ናቸው!» አልኩ። ሁለታችንም አንድ ላይ ነው የጮህነው።

«ሩጪ!»

እማማ ወለተ ሥላሴ ግን አሁንም እጃቸውን አልሰጡም። «ሾተላዩ እንዳለ አይደል የሚገባባት? ይገድላታል» አሉ። በጉልበት ደም አይቀዳም፤ በክርክርም ጊዜ አይተርፍም። «እሺ፣ አይስጡ። መጥተው በዓይንዎ ይዩት ብቻ» ብዬ ነጠላቸውን ይዤ ወደ ላቦራቶሪው ጎተትኳቸው። ጣታቸውን ወጋሁ፤ ሸክላው ላይ አማሰልኩ። ኦ፤ አልተቋጠረም። ኔጌቲቭ! ለምርመራው የምትሆን ጥቂት ከክንዳቸው ቀዳሁና ብልቃጧን በእጅ በሚሽከረከረው ማሽን ላይ አሰርኳት። አዘዘ ሳይጠራ ተከትሎን ገብቶ ነበር፤ ፊቱ ጠቁሯል። «እኔ ላዙር» አለ። አዞረው። ማሽኑ ጠረጴዛውን ይዞ ሊበር እስኪደርስ አዞረው።

ቀዩ ታች ዘቀጠ። ከላይ እንደ ጭድ ቀለም ያለው ውሃ ቀረ።

«ይኸውልዎት፤ ሾተላይዎ እዚህ ውስጥ ነው» አልኳቸው።

አማተቡ።

አንድ መስታወት ሞቅ አድርጌ ሁለት ቦታ ከውሃው ጠብ አደረግኩበት። በአንደኛው ላይ የአዘዘን ደም፣ በሁለተኛው ላይ የውዴን። አማሰልኩ፤ መስታወቱን እያዘነበልኩ አወዛወዝኩት። ሦስታችንም አንገታችንን አስግገን ጠበቅን። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ የአዘዘ ጠብታ ሻከረ፣ አሸዋ አሸዋ አለ፣ ወዲያው ቁርጥርጥ አለ! የውዴ ግን ለስላሳ ነው። አወዛወዝኩት፤ ለስላሳ ነው። አሁንም ለስላሳ!

«አዩት? አዩት እማማ? ደምዎ ጠብ ያለው ከማን ጋር ነው?»

«ከአዘዘ» አሉ፤ ዓይናቸው ከመስታወቱ ሳይነቀል።

«የአዘዘ ደም ባርኔጣ አለው። የርስዎ ዘበኛ ባርኔጣ ያየ እንደሆነ ነው የሚቆጣው። የሞቱት ልጆችዎ የአባታቸውን ባርኔጣ አድርገው ነው የመጡ። ውዴ ባርኔጣ የላትም፤ እንደ እርስዎ ናት። ዘበኛዎ እሷ ቤት ቢገባ ቁጭ ብሎ ከመዋል በቀር ሥራ የለውም።»

ጣታቸውን ወደተቋጠረው ጠብታ ሰደዱ፣ ሳይነኩት መለሱት። «ይች ናት?» አሉ። «ልጆቼን የበላች ይች ናት?» ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት።

«ቅጂው።»

ጠርሙሱ ሲሞላ ያን ያህል ውብ ነገር አይቼ አላውቅም። እየሮጥኩ፣ በአንድ እግሬ ጫማ፣ በሌላው ጭቃ፣ ወሰድኩት። አበራ ሰቀለው። መቆንጠጫውን ሲከፍት እኔ የውዴን እጅ ይዣለሁ። የማይስማማ ደም ከሆነ መጀመሪያ ላይ ነው የሚታየው፤ መንቀጥቀጥ ይመጣል፣ ወገብ ይቆርጣል፣ ትኩሳት ይነሣል። አንድ ጠብታ። አንድ ሌላ። እማማ ወለተ ሥላሴ ግድግዳውን ተደግፈው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ውዴ ዓይኗን ገለጠች።

«እማዬ…»

«ምን? ወገብሽን ነው? በረደሽ?» ብዬ ጮህኩባት።

«ጠማኝ» አለች።

አበራ ሳቀ፤ ሁላችንም እንደ እብድ ሳቅን። ዶክተር አምሐ «በሉ፣ በሉ!» እያለ አልጋዋን ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ገፋው፤ ጠርሙሱም ከላይዋ እየተወዛወዘ አብሮ ገባ።

ውጭ አግዳሚው ላይ አማትና አማች ጎን ለጎን ተቀመጡ። የአዘዘን ጠርሙስ ለሌላ በሽተኛ ፍሪጅ ውስጥ አስገብቼ ስመለስ አሁንም አልተነጋገሩም። ልቤ ፈራ፤ ነፍሷን እናተርፋለን ብለን ቤቷን አፍርሰን ይሆን? በመጨረሻ እማማ ወለተ ሥላሴ ጀመሩ።

«አዘዘ ልጄ፣ ደበቅንህ።»

«ደበቃችሁኝ» አለ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማችሁም? በገዛ ደሜ ልገድላት ነበር'ኮ፣ እናቴ!» ቁጣው እውነተኛ ነበር። ተነሥቶ ወዲያ ወዲህ አለ። ከዚያ መጥቶ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። «ልጅዎን ከነሾተላይዋ ነው ያገባሁ። ደግሞ ባርኔጣውም የኔ ነው አሉ፤ ለብቻዋ አይደለችም።»

እማማ ራሱን በሁለት እጃቸው ይዘው አልለቅም አሉ። እኔ ዞር ብዬ ሐይቁን አየሁ፤ እኔም ይሉኝታ አለኝ።

በሩ ተከፈተ። ዶክተር አምሐ ጭንብሉን ወደ አገጩ አወረደ። «ቋጠርኩት!» አለ። «ቆሟል። ተርፋለች።»

አዘዘ እኔን፣ አበራን፣ ያገኘውን ሁሉ እያቀፈ ያነሣ ጀመር። እማማ ወለተ ሥላሴ ግን እልልም አላሉ፣ አላለቀሱም። ቀስ ብለው ገቡ። ውዴ ተኝታለች፤ ከንፈሯ ላይ ትንሽ ቀለም መጥቷል። ከላይዋ ጠርሙሱ ሊያልቅ ነው፤ የመጨረሻው ደም በጎማው ውስጥ ወደ ክንዷ ይወርዳል። እማማ እጃቸውን ዘርግተው ጠርሙሱን ነኩት። የልጃቸውን ፊት አዩ፣ ጠርሙሱን አዩ፣ ደግሞ ፊቷን።

«ለካ ደሜ ሰው ያውቃል» አሉ።